ውድ ቢራ ለገንዘቡ ይመጥናል ወይ? የሀዋሳ ልጆች ክርክር

መነሻው ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው የሀዋሳ ልጅ ነው። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ለእረፍት መጥቶ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አብረው ተቀመጡ። እንግዳው ከመጠጥ ዝርዝሩ ላይ ከውጭ የገባ ክራፍት ቢራ፣ ማለትም ትንንሽ ጠማቂዎች በትንሽ መጠን የሚጠምቁትን ቢራ፣ ሲያይ ደስ አለውና ሁለት አዘዘ። አይ ፒ ኤ (ኢንዲያ ፔል ኤል) የሚባለው ዓይነት ነው። ሂሳቡ ሲመጣ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ስምንት ጃምቦ ያስጠጣ ነበር። ጠያቂያችንን የከነከነው ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ቢራው ይመራል፤ ከምሬቱ ሌላ ደግሞ የረጠበ ካርቶን የሚመስል ጣዕም አለው። ግማሹን ትቶ ተነሳ። ችግሩ የእኔ ምላስ ነው ወይስ የቢራው፣ እነዚህ ውድ ቢራዎችስ ለገንዘቡ ይመጥናሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩት። ቢራ እወዳለሁ። በጥንቃቄ የተጠመቀ ቢራ ሲገጥመኝም የጠማቂውን ድካም አስባለሁ። ስለዚህ ክርክሩን በቁጥሩ ተራ እነግራችኋለሁ፤ የራሴንም ሐሳብ ጣል እያደረግሁ።

መልስ 1። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንድሜ ብሎ ጀመረ። አይ ፒ ኤ የሚመረው ስለተበላሸ ሳይሆን እንዲመር ተብሎ ስለሚጠመቅ እንደሆነ አስረዳ። ምሬቱም መዓዛውም የሚመጣው ሆፕስ ከሚባል አበባ ነው። ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሆፕስ ለቢራ ይሠራል። ዕድሜውን ሙሉ ላገር የሚባለውን፣ የለመድነውን ቀለል ያለ ቢራ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አይ ፒ ኤ መዝለል የለበትም አለ። መጀመሪያ የስንዴ ቢራ ይሞክር፤ ከዚያ ቀላ ወዳለው አምበር ይለፍ፤ ምሬቱ ቀስ ብሎ ይለመዳል።

መልስ 2። ይሄኛው አልተለሳለሰም። ጊዮርጊስ ቢራ እያለልን ለአንድ ጠርሙስ ይህን ያህል መክፈል ገንዘብ መበተን ነው ብሎ ዘጋው። ብዙ ሰው ወደደለት።

መልስ 3። ረጅሙ መልስ ይህ ነው፤ እኔም ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ዋጋውን ከሥሩ ጀምሮ ፈታታው። ቢራ የሚሠራው ከውኃ፣ ከብቅል፣ ከሆፕስና ከእርሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው የባቫሪያ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ ብቻ እንዲጠመቅ ያዝዝ ነበር። ዛሬ ብዙ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከገብስ ብቅል ጋር በቆሎ፣ ሩዝ ወይም ስኳር ይቀላቅላሉ። ወጪ ይቀንሳል፤ ቢራውም ቀለል ይላል። ክራፍት ጠማቂዎች ግን ባመዛኙ በብቅል ላይ አይቆጥቡም። የአልኮል መጠኑ ከፍ ያለ ቢራ ለመሥራት ብዙ ብቅል ይፈልጋል። አይ ፒ ኤ ደግሞ ከተራ ላገር ብዙ እጥፍ ሆፕስ ይበላል። መፍላቱ ካበቃ በኋላ ለመዓዛ ሲባል ሌላ ሆፕስ የሚጨመርበት ጊዜም አለ። ያ ሆፕስ ራሱ ቢራውን መጥጦ ስለሚያስቀር ጠማቂው ከጋኑ የሚያወጣው ይቀንሳል። በዚያ ላይ መጠኑ ትንሽ ነው። አንድ ትልቅ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የሚጠምቀውን ትንሹ ጠማቂ በብዙ ወራትም አይደርስበትም። የሰው ጉልበቱና ማጠቡ ግን ያው ነው።

እስከዚህ ያለው ወጪ የጠማቂው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመንገዱ ነው አለ። መርከብ፣ ጉምሩክ፣ ኤክሳይዝ ታክስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የአስመጪው ትርፍ፣ የሆቴሉ ትርፍ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ሌላ ዋጋ አወጣ። ስለዚህ ሆቴል ውስጥ ከከፈልከው ገንዘብ ቢራው ላይ የዋለው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ለመጓጓዣ፣ ለቀረጥና ለነጋዴ ነው። የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ ለእኔ እዚህ ጋ ነው። ውድ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ደብልቋል። ጠማቂው ደክሞበት የተወደደ ቢራ አለ፤ ርቆ በመምጣቱ ብቻ የተወደደ ቢራም አለ። ለመጀመሪያው ገንዘቤን ሳልሳሳ እሰጣለሁ። ለሁለተኛው አልሰጥም።

መልስ 3 ጽሑፉን ሲጨርስ አይ ፒ ኤ የተፈለሰፈው ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ የሚደረገውን የመርከብ ጉዞ እንዲቋቋም ተብሎ ነው የሚል ነገር ጨመረ።

መልስ 4። ይህንን አረመ። ታሪኩ ቢያምርም እንደዚያ አይደለም አለ። ሕንድ የሚኖሩ እንግሊዞች ፖርተር የሚባለውን ጥቁር ቢራም በመርከብ እያስመጡ ይጠጡ ነበር፤ እሱም ሳይበላሽ ይደርስ ነበር። አይ ፒ ኤ የተባለው ፈካ ያለ ቢራም ለሕንድ ተብሎ ከባዶ አልተፈጠረም። ሆፕስ ቢራን ከመበላሸት መጠበቁ ግን እውነት ነው። መልስ 3 አመሰገነው። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይላል።

መልስ 5። ሆቴል መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ ያለ ሰው ነው። ምላስህን ተወውና ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን አይተሃል ወይ ብሎ ጠየቀ። የረጠበ ካርቶን ጣዕም የአይ ፒ ኤ ጠባይ አይደለም። ቢራ አየር ሲነካውና ሲያረጅ የሚያመጣው ነው፤ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። አይ ፒ ኤ ከሁሉም ቢራ ይልቅ ትኩስነት ይፈልጋል። የሆፕሱ መዓዛ ቶሎ ስለሚጠፋ በጥቂት ወራት ውስጥ መጠጣት አለበት። አሁን ያ ጠርሙስ የመጣበትን መንገድ አስቡት አለ። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር፣ ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ በከባድ መኪና፣ ከዚያ መጋዘን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሀዋሳ። ቀዝቃዛ ሆኖ የቆየው ፍሪጅ ውስጥ ያደረባትን ሌሊት ብቻ ሊሆን ይችላል።

መልስ 6። ጠያቂው ተመለሰ። የአክስቱ ልጅ ጠርሙሱን ፎቶ አንስቶት ኖሮ ቀኑን አጉልተው አዩት። ከታሸገ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ሰውየው ቀለል አለው፤ ምላሱ ጤነኛ ነው።

መልስ 7። ተቆጣ። የሆቴሉን ስም ጻፍ፣ ሌላው ሰው ይጠንቀቅ አለ።

መልስ 8። አይሆንም አለው። ቢራውን ያስረጀው ሆቴሉ ይሁን አስመጪው ሳይታወቅ የሰው እንጀራ ላይ ስም መለጠፍ ነውር ነው ብሎ ጠበቅ አድርጎ መለሰ። ሁለቱ ጥቂት ተመላለሱ፤ ስሙም ሳይጻፍ ቀረ። እኔም ከመልስ 8 ጋር ነኝ።

መልስ 9። ከአቶቴ ሰፈር ነው። የአገር ውስጡም ቢራ ቢሆን አያያዙ መቼ ደህና ሆነና ብሎ ወደ ቤታችን መለሰን። ግሮሰሪ በር ላይ ሳጥኖች ተደራርበው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታቸዋል። ፀሐይ ቢራን መጥፎ ሽታ እንደሚሰጠው ያውቃል፤ ግን ጠርሙሱ ቡናማ ስለሆነ ይከላከላል ብሎ ተጽናና።

መልስ 10። ይህን ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን አረመ። ብርሃን ሆፕሱ ውስጥ ያለውን ምሬት ሰጪ ነገር ይሰብረውና መጥፎ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን በደንብ ይከላከላል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን እምብዛም። ሙቀትን ግን ምንም ዓይነት ቀለም አይከላከልም። ስለዚህ በር ላይ የዋለ ሳጥን ጠርሙሱ ቡናማ ቢሆንም ይጎዳል። የሰፈሬ ባለ ግሮሰሪዎች ይህን ቢያነቡት እንዴት ደስ ባለኝ። ሳጥኑን ወደ ውስጥ ማስገባት ምንም ወጪ የለውም።

መልስ 11። አዲስ አበባ ቦሌ ያለውን ቢር ጋርደን አነሳ። እዚያው ግቢ ውስጥ በጀርመን ዘይቤ የሚጠመቁ ሁለት ቢራዎች አሉ፤ ፈካ ያለው ብሎንዲና ጥቁሩ ኢቦኒ። ከተራው ድራፍት ይወደዳል፤ ነገር ግን የተጠመቀበት ቤት ተቀምጠህ ነው የምትጠጣው። መልስ 5 ያለው ጣጣ በሙሉ እዚያ የለም አለ። ክራፍት ቢራ መሞከር የሚፈልግ ሰው የሆቴሉን ጠርሙስ ትቶ ለሥራ አዲስ አበባ ሲወጣ ኢቦኒ ይቅመስ ብሎ መከረ። ጥሩ ምክር ነው።

መልስ 12። እኛስ ምን አነሰን አለ። ሀዋሳ የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ ስላላት ጃምቧችን ከየትም የተሻለ ትኩስ ነው ብሎ በከተማው ኮራ።

መልስ 13። በኩራቱ ላይ ውኃ ቸለሰበት። ፋብሪካው ቅርብ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። በርሜሉ ከተከፈተ ስንት ቀን ሆነው? ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው ያለው መስመር መቼ ታጠበ? በጠማቂዎች ዘንድ የታወቀው ልማድ መስመሩን በየሁለት ሳምንቱ በኬሚካል ማጠብ ነው። ካልታጠበ ውስጡ እርሾና ባክቴሪያ ይጋግራል፤ ቢራው ይኮመጥጣል፤ አንዳንዴም ቅቤ ቅቤ ይላል። ብዙ ደንበኛ ያለው ቤት መጠጣት ይሻላል፤ በርሜሉ ቶሎ ስለሚያልቅ። መልስ 12 እኔ የምጠጣበት ቤት ንጹሕ ነው ብሎ ተከላከለ። ቤቱን ግን አልተናገረም።

መልስ 14። እዚህ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ልጆቼ ብለው ጀመሩ፤ የክርክሩ ድምፅም ወዲያው ለዘብ አለ። ጠላ እየጠመቁ ልጆች አሳድገዋል። ክራፍት የምትሉት በትንሽ መጠን፣ በእጅ፣ በጥንቃቄ የተጠመቀ ከሆነ እኛ ስንሠራው ኖረናል አሉ። ጌሾው ይወቀጣል። ብቅሉ ተበቅሎ፣ ደርቆ ይፈጫል። ጥንስሱ ይጠነሰሳል። ቂጣው ተጋግሮ ይቆረሳል። እንኩሮው ይታመሳል። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ድፍድፉ ገብቶበት ይታተማል። ከዚህ አንዱ ከተጓደለ ጠላው ይኮመጥጣል ወይም ይቀጥናል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሠርተው ሲሸጡ ደንበኛው አምስት ብር ጨምር ሲባል ያኮርፋል። ለባሕር ማዶ ጠርሙስ ግን ሳይጠይቅ ይከፍላል። ቅሬታቸው ይህ ነው።

ለእኚህ እናት የሚመጥን መልስ አልተሰጠም። አንድ ሁለት ሰው እናታችን እውነትዎን ነው ብሎ አለፈ። እኔ ግን ቆም ልበልበት። የክራፍት ቢራ ጉዳይ ዋናው የጠማቂው እጅ ነው። ሰው የጠማቂውን እጅ አክብሮ ከከፈለ፣ በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላም ያንኑ ክብር ማግኘት አለበት። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ነገሩ ሁሉ ከቤት ጠመቃ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ ተፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ ከተነሱት ትንንሽ ጠማቂዎች ብዙዎቹ የጀመሩት በማጀታቸው ነው። የእኛ ማጀት ደግሞ መቼም አቋርጦ አያውቅም። ጥሩ ጠላ በንጹሕ ብርጭቆ፣ በሚገባው ዋጋ የሚሸጥበት ቤት ሐይቁ ዳር ቢከፈት ከማንም ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።

መልስ 15። ጠላን ካነሳችሁ ቦርዴን እንዴት ትረሳላችሁ ብሎ የደቡቡን ወገን ያዘ። ቦርዴ ውስጥም ጌሾ አለ አለ።

መልስ 16። የለም ብሎ አረመው። ቦርዴ ያለ ጌሾ የሚሠራ ወፍራም መጠጥ ነው። ከበቆሎና ከሌላም እህል ይዘጋጃል፤ መጠጥም ምግብም ነው። አይቆይም፤ በደረሰ በአንድ ቀን ገደማ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል። ትኩስነት ትኩስነት ለምትሉ ሰዎች ከቦርዴ በላይ ትኩስ የለም አለ። ልክ ነው።

ከመልስ 17 እስከ 19 ያሉት ከመንገድ ወጡ። ከቢራ ጋር ምን ይበላል ተባለና ሁሉም ወሬውን ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሳ ገበያ፣ ወሰደው። ዓሳው ጥብስ ይሁን ለብለብ፣ ሾርባው ሎሚ ይብዛበት አይብዛበት። አንደኛው ቀለል ያለ ቀዝቃዛ ላገር ለተጠበሰ ዓሳ ከየትኛውም ውድ ቢራ ይበልጣል አለ። በዚህ እስማማለሁ። የላገር ንጹሕ ጣዕም የዘይቱን ክብደት ያነሳዋል፤ ኃይለኛ አይ ፒ ኤ ደግሞ የዓሳውን ጣዕም ይውጠዋል።

መልስ 20። ድንገት ሌላ ድምፅ መጣ። የአስተማሪ ደመወዝ የወሩን አስቤዛ በማይሸፍንበት ጊዜ ስለ ሆፕስ መዓዛ ስታወሩ አታፍሩም ወይ አለ። ንዴቱ እውነተኛ ነው።

መልስ 21። በንዴት መለሰ። ገንዘቡ የራሴ ነው፣ አንተን ማን ጠየቀህ አለ። አነጋገሩ ከፋ።

መልስ 22። ሽማግሌ ሆነ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ማለት አልፈለገም። መልስ 21ን በቀጥታ ገሠጸው፤ ሰው ሲጨንቀው እንደዚያ አይመለስለትም አለ። ከዚያ ለመልስ 20 በአክብሮት አስረዳ። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ የሚጠጣ ሰው እያወቀ ቢጠጣ ገንዘቡ ይቆጠባል። ስምንት ጃምቦ ከመቁጠር አንድ ጥሩ ነገር በዝግታ መጠጣት ለጤና ይሻላል። መልስ 20 ብዙም አላመነም፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወጣ። ስለ ኑሮ ውድነቱ የተናገረው ግን ቀላል ነገር አይደለምና እንዲሁ መታለፍ አልነበረበትም።

መልስ 23። ጤና ከተነሳ አይቀር ብሎ ስሌት አመጣ። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካለው ውስጡ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ያው ጠርሙስ 8 በመቶ ከሆነ 26.4 ይሆናል። ክራፍት ቢራ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። በጠርሙስ የሚቆጥር ሰው ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት እያለ የሦስት ጠርሙስ አልኮል ይዞ ባጃጅ ያስነሳል። መለያው ላይ ያለውን መቶኛ እዩ፣ መኪናችሁን አቁሙ አለ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አስታወሰ።

መልስ 24። ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰን። ሰው ዋጋውን አይቶ ይጣፍጠዋል ወይስ ቢራው በእውነት ይለያል? እስቲ በሦስት ብርጭቆ ፈትኑት አለ። በሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ ይቀዳል፤ በሦስተኛው ሌላ። ቀጂው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጠጪው የተለየውን ይፈልጋል። በግምት ብቻ ቢመልስ ከሦስት አንዴ ስለሚያገኘው ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። ሁሉም እኩል ይቀዝቅዝ፣ ብርጭቆውም አንድ ዓይነት ይሁን።

መልስ 25። ከጓደኞቹ ጋር ፒያሳ ሞከረው። ሁለት የታወቁ የአገር ውስጥ ላገሮችን አቀረቡ። እኔ ከዚህኛው ውጪ አልጠጣም ሲል የኖረው ሰው ደጋግሞ ሳተ። ከዚያ አንዱን ላገር አውጥተው ሐኪም ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ አስገቡ፤ በዚያ ማንም አልተሳሳተም። ቀለሙን እንዳያዩ ዓይናቸውን ሸፍነው ነበር። የተቃጠለው ብቅል ቡና ቡና ስለሚል ወዲያው ይለያል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተመሳሳይ ላገሮች መካከል ለስም ብቻ ተጨማሪ መክፈል ብዙ አያዋጣም። ዓይነቱ ሲለወጥ ግን ልዩነቱ ለሁሉም ምላስ ይገለጣል።

መልስ 26። መልስ 25ን ሐኪም ስታውቱን ምን ያህል አቀዘቀዛችሁት ብሎ ጠየቀ። ጥቁር ቢራና ክራፍት ቢራ እንደ ላገር በረዶ እስኪሠራ መቀዝቀዝ የለበትም። ብርዱ ምላስን ያደነዝዛል፣ መዓዛውንም ይይዛል። ከፍሪጅ አውጥቶ ትንሽ ማቆየት ይበቃል። ለውድ ቢራ ከፍለህ ግግር አድርገህ ከጠጣኸው የከፈልክበትን ነገር አልቀመስከውም አለ።

መልስ 27። ጠያቂው በመጨረሻ ተመልሶ አመሰገነ። የአክስቱ ልጅ ሲመለስ በቅርብ የታሸገ ቢራ በሻንጣው እንዲያመጣለት ነግሮታል። ከዚያ የሦስት ብርጭቆውን ፈተና ይሞክራሉ። ሆቴል ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሳያይ አይከፍልም። አስተናጋጇን እንዳያስቀይም ግን ሰግቷል።

መልስ 28። አንዲት አስተናጋጅ መለሰችለት። አታስቀይመንም አለች። ደንበኛ ቀኑን ልይ ሲል ጠርሙሱን እንደታሸገ ይዛለት ትመጣለች፤ አይቶ ካልፈለገ ትመልሰዋለች። የሚያስቸግረው ቆርኪው ከተነሳ በኋላ አልፈልግም ሲባል ነው። አንዳንድ ቤት ሂሳቡ ከእሷ ደመወዝ ይቆረጣል። ስለዚህ ቀኑን የሚጠይቅ ሰው ሲያዝዝ ይጠይቅ አለች። እኔም አደራ የምለው ይሄንኑ ነው፤ በተለይ ለውድ ጠርሙስ።